«ፊዚካል ኬሚስትሪ ከመጀመሬ በፊት ሂሳቡን ሁሉ ልጨርስ?» ላልከው

አትጨርስ። ካልኩለስ አንድን ከወሰድክ የቀረህ ፓርሻል ደሪቬቲቭ ነው፤ ሌላው ሳይነካ አንዱ ብቻ ሲቀየር ውጤቱ በምን ያህል እንደሚለወጥ ማለት ነው። ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኃይል ጥናት) ላይ ያቆመችህ፣ ደሪቬቲቩ ከሚጻፍበት ቅንፍ ግርጌ ያለችው ትንሽ ፊደል «ይህን አትንካ፣ እንዳለ ይቆይ» ማለት ብቻ ናት።

በቁጥር ሞክረው። 1 ሞል ጋዝ በ24.6 ሊትር ዕቃ ውስጥ፣ በ300 ኬልቪን አለ እንበል፤ ግፊቱ 1 አትሞስፌር ገደማ ነው። ይዘቱን (ቮልዩሙን) ሳትነካ ሙቀቱን 1 ኬልቪን ጨምር። ግፊቱ በ0.0033 አትሞስፌር ገደማ ከፍ ይላል፤ የጋዝ ቋሚውን (አር) 0.0821ን ለ24.6 ማካፈል ነው። ደሪቬቲቩ ይህችው ቁጥር ናት። አሁን ደግሞ ግፊቱን ያዝና ይዘቱን ልቀቀው፤ ሙቀቱ 1 ኬልቪን ሲጨምር ይዘቱ በ0.082 ሊትር ገደማ ያድጋል። ሁለቱን ማስታወሻ ሳታይ መሥራት ከቻልክ ምዕራፉን ጀምር።

ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ካይኔቲክስ (የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት) ላይ፣ ማትሪክስ ኳንተም ላይ ስትደርስ ትማረዋለህ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ የጋዝ ቋሚው አር እንደ መለኪያው ቁጥሩ ይለያያል። እኔ የአክቲቬሽን ኢነርጂ (ለውጡ እንዲጀምር የሚያስፈልገው ኃይል) ማውጫ የሆነው የአሬኒየስ መስመር ስሎፕ ኔጌቲቭ 6000 ኬልቪን ወጥቶልኝ፣ በ0.0821 እያባዛሁ ግማሽ ሌሊት አለቀብኝ። በጁል የሚፈለግ ከሆነ ማባዣው 8.314 ነው፤ አክቲቬሽን ኢነርጂውም ለአንድ ሞል 50 ኪሎጁል ገደማ ይመጣል።