ማን ወረደ፣ ማን ተቀመጠ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቡና እየጠጣሁ ነበር። አጠገቤ ሦስት ወጣቶች ስልክ ላይ ቪዲዮ እያዩ ይከራከራሉ። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ አንድ ጥቁር ልጅ መኪናውን አስቁሞ ሲፈትሽ የሚያሳይ ነው። አንዱ «አቦ፣ በቆዳው እኮ ነው!» ይላል። ሌላው «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላል። ሳይግባቡ ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ 31 ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። «ያላጠፋ ምን ያስፈራዋል» የምትለዋን ንግግር ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። ድሮ እኔም እላት ነበር። ለምን እንደተውኳት ልንገራችሁ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለአንድ መዝገብ ወደ ሐረር በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። የደንገጎን ዳገት ከወጣን በኋላ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ በበሩ ብቅ ብሎ ሁላችንንም አየን። እኔ ሱፍ ለብሻለሁ፣ ከረባት አስሬአለሁ፣ ትልቅ ቦርሳ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለችውን ድሪያ፣ የሶማሌ ሴቶችን ሰፊ ቀሚስ፣ የለበሰች እናት «አንቺ ውረጂ» አላት። እንደሷ የለበሱ ሁለት ሴቶችም ወረዱ። ሌላ ሰው አልወረደም። ዘንቢሏን መሬት ላይ ገለበጡት። የልጅ ልብስ፣ ሳሙና፣ አንድ ከረጢት ሩዝ። ኮንትሮባንድ የለም። እቃዋን ለቃቅማ ስትመለስ «አይዞሽ» አልኳት። «ለምጄዋለሁ» አለችኝ። የእኔን ቦርሳ የነካው የለም። እኔም አፌን ዘግቼ ሐረር ገባሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፍተሻው ለሁሉም እኩል ይመስለኝ ነበር። ውረድ ተብዬ ስለማላውቅ ነው።

የአሜሪካኖቹም ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚጠመዘዘው። አንዱ ወገን በሕይወቱ ተፈትሾ አያውቅም፤ ሌላው በወር ሁለቴ ይፈተሻል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ስለዚህ «እኔ አይቼ አላውቅም» የሚለውን ማስረጃ አታድርጉት። ቪዲዮም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፖሊሱ ዴሪክ ሾቪን ጆርጅ ፍሎይድን ከ9 ደቂቃ በላይ በጉልበቱ ተጭኖ ሲገድለው በስልክ ተቀረጸ፤ 22 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ቪዲዮው አንድን ሰው አስፈረደ። ልማድን የሚያጋልጠው ግን መዝገብ ነው።

የኒውዮርክን መዝገብ ተመልከቱ። የከተማዋ ፖሊስ ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ ድረስ፣ እ.ኤ.አ. ነው፣ ሰውን መንገድ ላይ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ አስቁሟል። ከተቆሙት 52 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ፤ ከነዋሪው ግን ጥቁሮቹ 23 በመቶ ገደማ ናቸው። ሰው ከቆመበት ከ100 ጊዜ 88ቱ ያለ እስርና ያለ ክስ ነው ያለቀው። መሣሪያስ? ከተቆሙት ጥቁሮች 1 በመቶው ላይ ተገኘ፤ ከነጮቹ 1.4 በመቶው ላይ። ብዙ የተፈተሸው ላይ ያነሰ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ ያቺ ዘንቢል ናት ትዝ ያለችኝ። ዳኛ ሺራ ሺንድሊን በ2013 አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። «ፍተሻው ከቀነሰ ወንጀል ይፈነዳል» ተብሎ ነበር። በ2011 ከተማዋ ውስጥ 515 ሰው ተገድሎ ነበር፤ ፍተሻው እጅግ ከቀነሰ በኋላ፣ በ2017፣ 292።

ጉዳዩ የጥቁርና የነጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ፖሊስ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ደበደበ። የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ነው። በዓመቱ የአገሪቱ ፖሊስ ኮሚሽነር ሮኒ አልሼኽ፣ ፖሊስ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ከሌላው አብልጦ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር ተናገሩ። እኛ ያኔ በጣም ተናደድን። ልክም ነበርን። ያንን ንዴት ግን ደንገጎ ላይም ይዛችሁት ውጡ።

የእኛ ሕገ መንግሥት፣ የ1987ቱ፣ አንቀጽ 25 ላይ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አንብቧቸው፣ ለእናቶቻችሁም በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። ስትከራከሩ «ፖሊስ ሁሉ ዘረኛ ነው» አትበሉ። የማከብራቸው፣ እስረኛ እንዳይመታ ከባልደረባቸው ጋር የተጣሉ ፖሊሶች አውቃለሁ። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ማንን አስወረዱ? ማንን ተዉ? ምን ተገኘ? ከእናንተም ፖሊስ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ በቀኑ መጨረሻ ያስወረድካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስባቸው፣ ልጄ። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ከመጡብህ፣ ነገ ጠዋት ሌላውንም አስወርድ፣ ወይም ያለ ምክንያት ማንንም አታስወርድ።

እኔ አሁንም ወደ ሐረር እመላለሳለሁ። ኬላ ላይ አንዲት እናት ብቻዋን ውረጂ ስትባል ቦርሳዬን ይዤ እነሳለሁ። «የእኔንም ፈትሹልኝ» እላለሁ። አንዳንዴ ይፈትሹኛል። አንዳንዴ ደግሞ ግራ ተጋብተው ሁለታችንንም ግቡ ይሉናል።