የመዝናኛ ፓርክ የሰመር ሥራ፦ ነጻ መግቢያው ስንት ያወጣል?

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከሁለቱ በቀር በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ከሚኖሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። የ2026 የሰመር ቅጥርን ስለሚመለከቱ ተራ አስቀድመንላቸዋል።

ጥያቄ፦ ታላቁ ልጄ ቦዊ በነበረው ሲክስ ፍላግስ ሁለት ሰመር ሠርቷል። ታናሹ 16 ዓመት ሞልቶት ተራው ሲደርስ ፓርኩ ተዘጋ። አሁን ጓደኞቹ ቨርጂኒያ ኪንግስ ዶሚንየን እንግባ ይሉታል። «መግቢያው ነጻ ነው፣ ለዘመድም ትኬት ይሰጣሉ» እያለ ያስቸግረኛል። ልፍቀድለት? (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህታችን፣ የቦዊው ፓርክ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ ነው የተዘጋው። ኪንግስ ዶሚንየን ደግሞ የዚያው ኩባንያ ነው፤ ሲክስ ፍላግስና የኪንግስ ዶሚንየን ባለቤት የነበረው ሲዳር ፌር በ2024 ስለተዋሐዱ ሁለቱ ፓርኮች በአንድ ባለቤት ሥር ሆነው ነበር። ታላቅዬው የለመደው አሠራር እዚያም ብዙም አይለይም። ችግሩ መንገዱ ነው።

ፓርኩ ያለው ዶስዌል ነው፤ ከእናንተ ቤት በአይ-95 ወደ 90 ማይል ገደማ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ክፍያው የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ ማለትም 12.77 ዶላር ነው እንበል። የስድስት ሰዓት ሺፍት 76.62 ዶላር ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲወስዱ 70.76 ይቀራል። ደርሶ መልስ 180 ማይል፣ በጋሎን 30 ማይል በምትሄድ መኪና፣ ቤንዚኑ በ3 ዶላር ቢገኝ 18 ዶላር ነው። እጁ ላይ የሚቀረው 52.76። ሥራው ስድስት ሰዓት፣ እረፍቱ ግማሽ ሰዓት፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ በድምሩ አሥር ሰዓት ከቤት ወጥቶ በሰዓት 5.28 ዶላር አገኘ ማለት ነው። ይህም ፍሬድሪክስበርግ ላይ መንገዱ ካልተዘጋ ነው፤ የሰመር አርብና እሁድ ደግሞ መዘጋቱ የታወቀ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለአሥር ሳምንት ቢመላለስ መኪናው ላይ 5,400 ማይል ይጨመራል።

ብዙ ቤተሰብ «ሦስት ልጆች በአንድ መኪና ይሄዳሉ» ብሎ ይጀምራል። የሚበላሸው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሺፍት የሚደለደለው በክፍል ስለሆነ አንዱ ምግብ ቤት ይመደብና ማታ ይወጣል፤ ሌላው በር ላይ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ይጨርሳል፤ ሦስተኛው ያን ቀን ጭራሽ አልተመደበም። አብሮ መሄድ የግድ ከሆነ ሦስቱም ለአንድ ክፍል ያመልክቱ፣ ጉዳዩንም በቃለ መጠይቁ ላይ ይናገሩ። ሪችመንድ ልጁን ሰመሩን የሚያኖረው አክስት ወይም አጎት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፓርኩ ከዚያ ሃያ ማይል ገደማ ስለሆነ ይፍቀዱለት።

ያለበለዚያ በአቅራቢያችሁ ያሉትን የካውንቲና የመኖሪያ ግቢ መዋኛዎች ይሞክር። በ15 ዓመት ላይፍጋርድ መሆን ይቻላል፣ ለሠርተፊኬቱም ብዙ ቀጣሪዎች ራሳቸው ያሰለጥናሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በስቴቱ የሥራ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተሞልቶ ልጁ፣ ወላጅና ቀጣሪው ይፈርሙበታል። በቨርጂኒያ ፈቃዱ የሚጠየቀው ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጆች ብቻ ነው።

የሮለር ኮስተር መሪ እሆናለሁ ብሎ ከሆነ የቋመጠው ቀድመው ይንገሩት። በብዙ ፓርኮች የመጫወቻዎቹን መቆጣጠሪያ የሚነካው 18 የሞላው ነው። የ16 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው ምግብ ላይ፣ ጽዳት ላይ ወይም በር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የተሰጡኝ የእንግዳ ትኬቶች ስምንት ነበሩ፣ ሦስቱን ብቻ ተጠቀምኩ። ዘንድሮ ትርፉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብሸጥ ችግር አለው? የመጨረሻ ቦነሱንስ ለምን ከለከሉኝ? (የ19 ዓመት ተማሪ፣ አናንዴል)

መልስ፦ አትሽጥ። ትኬቱ በአንተ የሠራተኛ ቁጥር የወጣ ስለሆነ በር ላይ ሲቃኝ ከማን እንደመጣ ይታያል። በነጻ የተሰጠ ትኬት መሸጥ በፓርኮች ደንብ ከሥራ ያስባርራል፤ የተባረረ ደግሞ በዚያው ኩባንያ ሌላ ፓርክ ሲያመለክትም መዝገቡ ይከተለዋል።

ትኬቶቹ የሚተርፉት ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ቀኑ አልመች ብሎ ነው። ለሠራተኛ የሚሰጥ ትኬት የማይሠራባቸው ቀኖች አሉት፤ የጁላይ 4 ሰሞን፣ የኦክቶበር ቅዳሜዎችና ዘመድ የሚመጣባቸው ሌሎች ቀኖች ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። የወቅቱ ሥራ ሲያልቅ ትኬቱም ይሞታል። ስለዚህ ሥራ በጀመርክበት ቀን እነዚህን ጠይቅ፦ የእንግዳ ትኬት በአንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው ወይስ በሠራሁት ሰዓት ልክ? የማይሠራባቸው ቀኖች የትኞቹ ናቸው? መኪና ማቆሚያን ይጨምራል? በእኅት ፓርኮችስ ይሠራል? የምግብ ቅናሹ በሥራ ቀን ብቻ ነው ወይስ በእረፍቴም? መኪና ማቆሚያውን የሚረሳው ብዙ ነው። እንግዳህ በነጻ ገብቶ ለማቆሚያ ጥሩ ገንዘብ ከከፈለ ስጦታው ግማሽ ሆነ።

ቦነሱን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በውሉ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ለጨረሰ ሰው ነው። ፓርኩ እስከ ሌበር ደይ፣ ማለትም እስከ ሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ፣ ይፈልግሃል፤ ኮሌጅህ ግን በኦገስት ሦስተኛው ሳምንት ይከፈታል። ያቺ ሁለት ሳምንት ናት የሰመሩን ቦነስ የምትበላው። ማመልከቻው ላይ «የምሠራው እስከዚህ ቀን ነው» የሚለውን ሳጥን ባዶ አትተው። ትክክለኛውን ቀን ጻፍ፣ ውሉም በዚያው ቀን ይዘጋጅልህ። ቅዳሜና እሁድ መመለስ የምትችል ከሆነም ከመሄድህ በፊት በጽሑፍ አሳውቅ፤ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ተማሪው ስለሚበተን ያኔ ሰው አጥብቀው ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ በሳምንት 52 ሰዓት ሠርቼ አንድም ኦቨርታይም አልተከፈለኝም። ሱፐርቫይዘሯ «እኛ ኦቨርታይም የለንም» ብላ ዘጋችኝ። ይህ ሕጋዊ ነው? (እህታችሁ፣ ዉድብሪጅ)

መልስ፦ የሚያናድድ ቢሆንም ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉ የሥራ ሕግ ለወቅታዊ መዝናኛ ቦታዎች ከዝቅተኛ ክፍያና ከኦቨርታይም ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ አለው። ቦታው ከሁለት መመዘኛዎች አንዱን ማሟላት አለበት። አንደኛው፣ በዓመት ከሰባት ወር በላይ አለመሥራት ነው። ሁለተኛው በገቢ ይለካል፤ ባለፈው ዓመት ገቢው ዝቅ ያለባቸው የማናቸውም ስድስት ወራት አማካይ ከሌሎቹ ስድስት ወራት አማካይ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የገና መብራት እያሉ በዲሴምበር የሚከፍቱ ፓርኮች ሰባት ወሩን ቢያልፉም በገቢው መመዘኛ ሊገቡ ይችላሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ የኦርላንዶው ዲዝኒ ወርልድ፣ በዚህ ቀዳዳ አይገቡም።

የስቴት ሕግ ከፌዴራሉ የተሻለ ከሆነ የተሻለው ይጸናል። ሜሪላንድ ግን ለመዝናኛ ቦታ ሠራተኞች ከስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ 85 በመቶ መክፈልን ትፈቅዳለች፤ 15 ዶላሩ 12.75 ይሆናል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። የፔይቼክሽ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀጣሪ ማን ነው? ፓርኩ ሳይሆን ጽዳቱን ወይም ምግቡን በኮንትራት የያዘ ሌላ ድርጅት ከሆነ «የፓርኩ ሕግ ነው» ማለት ብቻ አይበቃውም። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በስልክሽ መዝግቢ፣ ወረቀቶቹን አትጣዪ፣ ከዚያ ለፌዴራሉ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና ሰዓት ክፍል አቅርቢ። አቤቱታው ክፍያ የለውም፤ አቤት ስላልሽ ማባረርም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ማተብ አወልቃለሁ እንዴ? እሁድ ቅዳሴስ? እናቴም አብራኝ ልታመለክት ነበር፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። (ወለተ ማርያም፣ ኦርላንዶ)

መልስ፦ ሦስቱም ሃይማኖታዊ ማመቻቸት በሚባለው መብት ሥር ይገባሉ፤ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ ሁሉ ይመለከተዋል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሁድ አልሠራም ባለ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ መመዘኛውን አጥብቆታል። ቀጣሪው እምቢ ለማለት ማመቻቸቱ በሥራው ላይ ከፍ ያለ ጫና እንደሚያመጣ ማሳየት አለበት፤ «ትንሽ ያስቸግረናል» ማለት አይበቃም።

መብት ቢሆንም አጠያየቁ ውጤቱን ይወስናል። «እሁድ አልችልም» ካልሽ ቅዳሜና እሁድን ለሚኖር ፓርክ ከባድ ነው። «እሁድ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ እስከ መዝጊያ እሠራለሁ» ካልሽ ግን ማንም የማይወደውን የማታ ሺፍት ስለወሰድሽ ይስማማሉ። (በፈረንጅ አቆጣጠር 1 ፒኤም ብለሽ ጻፊ፤ 7 ብለሽ ከጻፍሽ የምትመደቢው በጠዋት ነው።) ይህን ፕሮግራም ከወጣ በኋላ ሳይሆን በቅጥሩ ጊዜ፣ በኢሜይል አድርጊው።

ማተቡን በአለባበስ ደንብ ብቻ ማስወለቅ ይከብዳቸዋል፤ በደኅንነት ምክንያት ግን ይችላሉ፣ የሚንቀሳቀስ ብረት አጠገብ አንገት ላይ ያለ ገመድ አደጋ ነውና። መፍትሔው ሲጎተት ቶሎ የሚበጠስ ቀጭን ክር አሳጥሮ ከዩኒፎርሙ ውስጥ ማሰር ነው፤ ያም ካልተፈቀደ ከማሽን የራቀ ክፍል ጠይቂ። ነጠላ አይሞከርም፤ ሻሽ ወይም ሂጃብ ግን ጫፉ ተጠቅሎ ወደ ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ንቅሳትን በተመለከተ ዲዝኒ በ2021 ደንቡን አላልቶ ከተዘረጋ የሠራተኛው እጅ የማይበልጥ ንቅሳት ፈቅዷል፤ ፊት፣ ራስና አንገት ላይ ያለውን ግን ለይቶ አስቀርቷል። እናትሽ ዝም ብላ ከማመልከት ይልቅ መስቀሉ የእምነት ምልክት መሆኑን ጠቅሳ በጽሑፍ ማመቻቸት ትጠይቅ።

ሳትጠይቂ አንድ እንጨምርልሽ፦ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፤ የፓርኩ ዋና ወቅትና የፍሎሪዳ ቃጠሎ መሃል። ውኃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት አስፋልት ላይ መቆም ሰው ይጥላል። ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከጣራ ሥር ያለ ምድብ ወይም የማታ ሺፍት ጠይቂ፣ የውኃውን ነገር ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኝ ባለፈው ሴፕቴምበር ገባሁ። ግሪን ካርዴ በፖስታ አልመጣም። ቅጥር ክፍሉ «ካርዱን ካላመጣህ አትጀምርም» አለኝ። (አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ተሳስተዋል። ፓስፖርትህ ላይ የተለጠፈው የስደተኛ ቪዛ፣ ኤርፖርት የተመታበት ማኅተም ካለ፣ ከገባህበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት እንደ ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ ቪዛው ራሱ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። አይ-9 በሚባለው፣ የመሥራት መብትህ በሚጣራበት ፎርም ላይ ከዝርዝር ኤ የሚቆጠር ሰነድ ስለሆነ ሌላ ወረቀት አይጠየቅበትም። የትኛውን ሰነድ እንደምታቀርብ የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ቀጣሪው «ይህን ብቻ አምጣ» ማለት አይችልም። የምታቀርበው ሥራ በጀመርክ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ዓመቱ ከመሙላቱ በፊት ካርዱን ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው ሰነድ ማሳየት ይኖርብሃል፤ ስለዚህ መዘግየቱን ለኢሚግሬሽን ዛሬውኑ አመልክት።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ በሰመር 6,000 ዶላር ቢሠራ ሜዲኬይዳችን ይነካል? (አባት፣ ሃያትስቪል)

መልስ፦ አይነካም፣ ሌላ ገቢ ከሌለው። በእርስዎ ታክስ ላይ የተመዘገበ ልጅ ገቢ የሚደመረው ራሱ ታክስ የማስገባት ግዴታ ሲኖርበት ነው፤ የ2026 ወለል ደግሞ ለደመወዝ 16,100 ዶላር ነው። ቢሆንም ሲጠየቁ ገቢውን አይደብቁ። አምና የገቢ ታክስ ካልነበረበት ከደመወዙ የሚቆረጠው ታክስ በሚወሰንበት ፎርም፣ በደብሊው-4 ላይ፣ ነጻ መሆኑን ይሙላ፤ ያን ካላደረገ በሚቀጥለው ዓመት አስገብቶ ያስመልሳል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ 459 ዶላር ግን አይመለስም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለ ደላላ ለእህቴ ልጅ «አሜሪካ የመዝናኛ ፓርክ ሥራ፣ በኋላ ግሪን ካርድ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቋል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። (ሲያትል)

መልስ፦ አንድ ብር እንዳይከፍል። ለዚህ ሥራ የተለመደው መንገድ ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ የሚካሄደው የሰመር ፕሮግራም ሲሆን የሚቀበለው ከአሜሪካ ውጭ በመደበኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ ያለና ቢያንስ አንድ ሴሚስተር የጨረሰ ተማሪን ነው። የሥራ ጊዜው ቢበዛ አራት ወር ነው፤ ከዚያ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ወደ ግሪን ካርድ የሚያሻግር ነገር የለውም። ሕጋዊው ሒደት የሚጀምረው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዕውቅና ከሰጠው ስፖንሰር ነው፤ ስሞቹ በመንግሥቱ የጄ-1 ድረ ገጽ ላይ ተዘርዝረዋል። ደላላውን የስፖንሰሩን ስም ይጠይቁትና በዚያ ዝርዝር ላይ ካለው አድራሻ ራስዎ ይደውሉ እንጂ እሱ በሰጠዎት ቁጥር አይደውሉ። «ኤች-2ቢ ነው» ቢል ደግሞ በዚያ የጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ የቅጥር ክፍያ ከሠራተኛው መቀበል ራሱ የተከለከለ ነው።