ያሳቅሁት ሁሉ ኃጢአት ነበርን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ከሃያ ዓመት በላይ በኮሜዲ ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ትርኢት እያቀረብሁ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝና ወደቅሁ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት ሳቀ፤ ባልደረባዬ በላብ መጠመቄን አይቶ መጋረጃው ይዘጋ ብሎ እስኪጮኽ ድረስ ሳቁ አላቋረጠም። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ነበር፤ ሐኪሞች ከፍተው አተረፉኝ። ትምባሆ እንድተውና እንቅልፌን እንዳስተካክልም ነገሩኝ። አልጋ ላይ ሳለሁ «ጌታ ሆይ፣ ካስነሣኸኝ ዳግመኛ ሰው አላስቅም» ብዬ ተሳልሁ። አሁን ያለፈውን ዘመኔን መለስ ብዬ ሳየው ሁሉም ከንቱ ሆነብኝ። እግዚአብሔር በሳቄ ምክንያት የቀጣኝ ይመስለኛል። አንድ ሰባኪም ጌታችን አለቀሰ እንጂ ሳቀ ተብሎ አልተጻፈም ሲሉ ሰምቻለሁ። አብሮኝ ያደገ አንደበቱ የሚንተባተብ ጓደኛ ነበረኝ፤ በአነጋገሩ ብዙ ቀልድ ሠርቼአለሁ፣ እርሱም ይስቅ ነበር፣ በኋላ ግን ተራራቅን። ሃያውን ዓመት በሙሉ ንስሐ ገብቼ ሙያውን መተው አለብኝን? ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ትንሹ ልጄ ቀልድ ንገረኝ ሲለኝ እንኳ ስእለቴን እንዳላፈርስ ዝም እላለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እንኳን ለንስሐ አበቃህ። ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ቅዳሴው የምታውቀውን መልሼ አልነግርህም። በቀጥታ ወደ ጭንቀትህ ልግባ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሰፊው የተናዘዝኸው ሳቅን ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍኸው ደግሞ አንድ ሰውን ነው። ከሞት አፋፍ የተመለሱ ብዙ ምእመናን ወደ እኔ መጥተው የሚሠሩትን ስሕተት አንተም ሠርተኸዋል። ነጋዴው «ንግድ ኃጢአት ነው» ይላል፤ በሚዛኑ ያጭበረበረውን ግን አያነሣም። ዘፋኙ ድምፁን ይረግማል፤ በሠርጉ ማግስት የበደላትን ሴት አይጠራም። ሙያን በጅምላ መኮነን ከባድ ንስሐ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ዕዳ ቁጭ ብሎ ላለመቁጠር መዝገቡን በሙሉ እሳት ውስጥ የሚጨምር ሰው ሥራ ነው። ንስሐ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ የተበደለ ሰው አለው። «ሃያ ዓመት በሙሉ» የሚባል ኃጢአት አላውቅም።

በመጀመሪያ ስለ ቅጣቱ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥1-3)። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎችም ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ነገራቸው፤ አያይዞ ግን ሁላችሁም ንስሐ ግቡ አለ (ሉቃ. 13፥4-5)። በሌላ ቦታ ደግሞ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረውን መጻጉዕ «ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ብሎ አስጠነቀቀው (ዮሐ. 5፥14)። የዕውሩም የመጻጉዕም ታሪክ በአንድ በዮሐንስ ወንጌል ውስጥ አሉ። ስለዚህ የአንተ ሕመም ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ እኔ አልፈርድም፤ አንተም አትፍረድ። ሐኪሙ ስለ ትምባሆው በግልጽ የነገረህን ወደ ጎን ትተህ ሰማይ የደበቀውን ምክንያት ስትፈልግ መዋልህ ግን አልገባኝም።

አሁን ወደ ሳቁ። ሰባኪው የተናገሩት ቃል መነሻ አለው፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ጌታችን ሲያለቅስ እንጂ ሲስቅ እንዳልተጻፈ ተናግሯል። የተናገረው ቴአትር ቤት እየዋሉ በሳቅ ልክ ለሚያልፉ ሰዎች ነው። ያው አባት ግን የዕብራውያንን መልእክት በተረጎመበት በ15ኛው ድርሳኑ ሳቅ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ፣ ክፋቱ ከልክ ሲያልፍና ያለ ጊዜው ሲሆን እንደ ሆነ ያስተምራል። ሳቅ በተፈጥሯችን የተቀመጠው ወዳጃችንን ከቆየን በኋላ ስናገኘው ደስ እንዲለን፣ ያዘነና የፈራ ሰው ስናይም በፈገግታችን እንድናረጋጋው ነው ይላል፤ ነፍስ እንድታርፍበት እንጂ እንድትዝረከረክበት አይደለም። ከአፈ ወርቅ ግማሹን ብቻ የሚጠቅሱ ሰባክያን ቢበዙም ሌላውን ግማሽ የጻፈው እርሱ ራሱ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ሳቅን አይፈራም። ሣራ በእርጅናዋ ልጅ አቅፋ «እግዚአብሔር ሳቅ አደረገልኝ» አለች (ዘፍ. 21፥6)። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የበኣልን ነቢያት «በታላቅ ቃል ጩኹ፤ ምናልባት አምላካችሁ ተኝቶ ይሆናል» እያለ አፌዘባቸው (1ኛ ነገ. 18፥27)። ለመሳቅም ጊዜ አለው (መክ. 3፥4)። የሚከለከለውን ደግሞ ሐዋርያው አልሸፈነውም፤ የሚያሳፍር ነገርን፣ የስንፍና ንግግርንና ዋዛን ለቅዱሳን የማይገቡ ብሎ በእነርሱ ፈንታ ምስጋና ይሁን ይላል (ኤፌ. 5፥4)። ይህን ጥቅስ አለሳልሼ አልነግርህም። በሥራህ ውስጥ ገላን የሚያራክስ ቀልድ ካለ፣ በመቅደስና በምሥጢራት የሚያላግጥ ካለ እርሱ ይቅር። እንዲህ ያለውን ስታወጣ ምንም የማይተርፍህ ከሆነ ሙያውን መተው ይገባሃል፤ ያን ጊዜ አትከራከረኝ። ደብዳቤህ ግን ብዙ የሚተርፍህ ሰው እንደ ሆንህ ይነግረኛል።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተዋናይ ለመጠመቅ ሲመጣ ሙያውን እንዲተው ይታዘዝ እንደ ነበር ታውቅ ይሆናል። እውነት ነው። የያኔው መድረክ ከጣዖት በዓል ጋር የተሳሰረ፣ በዝሙት ጨዋታ የተሞላ፣ የክርስቲያኖችንም ጥምቀት እያስመሰለ የሚያላግጥ ነበር። አባቶች የዘጉት ያን በር ነው። ምክንያቱ ተረስቶ ክልከላው ብቻ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ፈረንሳይ መሄድ ይቻላል። የኮሜዲው ጸሐፊና ተዋናይ ሞሊየር በ1673 እ.ኤ.አ. የበሽተኛ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲጫወት መድረክ ላይ ታመመ፤ እንደ ምንም ጨርሶ በዚያው ሌሊት ቤቱ ሞተ። ሲያጣጥር ካህን አስጠርቶ ሁለቱ አንመጣም እንዳሉ፣ ሦስተኛውም ከሞተ በኋላ እንደ ደረሰ ሚስቱ ለፓሪስ ሊቀ ጳጳስ ባቀረበችው አቤቱታ ገልጻለች። ሙያውን ሳይክድ የሞተ ተዋናይ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይቀበርም ነበርና ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ጣልቃ ገብተው ነው በጨለማ የተቀበረው። ያ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው፤ ነገር ግን አስተውል፦ ሰውዬው መናዘዝ ይፈልግ ነበር። በእርሱና በንስሐው መካከል የቆመው በሙያው ላይ የተፈረደው ጅምላ ፍርድ ነው። አንተ ደግሞ ይህንኑ ፍርድ በራስህ ላይ ፈርደህ ከንስሐህ ልትርቅ ነው።

ወደ መጥምቁ ዮሐንስ እንሂድ። ቀራጮች «ምን እናድርግ?» ሲሉት ቀረጡን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮችንም ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃ. 3፥12-14)። እያንዳንዱን በእጁ ባለው ሥራ ውስጥ የሚያሰናክለው ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈበት። ቀራጭ የተጠላ ሙያ እንደ ነበር ሳንረሳ ነው። ማቴዎስ መቅረጫውን ጥሎ ተነሣ፤ እርሱን ጌታ ለሌላ ሥራ ጠርቶታልና። ዘኬዎስ ግን ሥራህን ልቀቅ ሲባል አናነብም፤ ራሱ ተነሥቶ የከሰስሁት ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። አራት እጥፍ ማለት ቁጥር ነው፤ ለማን ስንት እንደሚመልስ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ የአንተ ዘኬዎስነት የሚጀምረው ከዚያ ከሚንተባተበው ጓደኛህ ነው። «እርሱም ይስቅ ነበር» ብለሃል። ምን ያድርግ? አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሳቀበት እርሱ ብቻ ቢኮሳተር መሳቂያነቱ እጥፍ ይሆን ነበር። የተዋረደ ሰው ከአዋራጁ ጋር አብሮ የሚስቀው ለማምለጥ ነው። ምሳሌ 26፥18-19 ባልንጀራውን አታልሎ «በጨዋታ አደረግሁት» የሚለውን ሰው እሳትና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያስተካክለዋል። ሙሴም አፉና ምላሱ የሚከብድ ሰው ነበር፤ በዚያ ምክንያት አልሄድም ሲል እግዚአብሔር «የሰውን አፍ የፈጠረ ማን ነው?» ብሎ መለሰለት (ዘጸ. 4፥10-11)። አንተ መድረክ ላይ ያስመሰልኸው አንደበት ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ከዚህ ተረዳ። ጓደኛህ መቼ መምጣት እንዳቆመ፣ የትኛውን ቀልድ ከሰማ በኋላ እንደ ቀረ ታስታውሳለህ ብዬ እገምታለሁ። ያን በደል ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ከዚያ በኋላ ወደ ጓደኛህ ሂድ። በስልክ አይደለም፣ በሰው ፊትም አይደለም፤ እቤቱ ሄደህ። ይቅርታ ስትጠይቅ ቀልድ ጣል አድርገህ ነገሩን ለማቅለል እንደምትፈተን አውቃለሁ፤ የለመድኸው መሸሸጊያ ነውና። በዚያች ሰዓት ብቻ አንደበትህን ጠብቅ። ይቅር ባይልህም ሳትቆጣ ተመለስ።

የስእለቱ ነገር ከባድ ነው። ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል መክብብ (5፥5)፤ ስለዚህ «በሕመም የተባለ ነው» ብለህ አትጣለው። ዮፍታሔም ከድል ስመለስ ከቤቴ ሊቀበለኝ የሚወጣውን እሠዋለሁ ብሎ ቸኩሎ ተስሎ በገዛ ልጁ ላይ የደረሰውን ታውቃለህ (መሳ. 11)። በሌላ በኩል ጌታችን ለእናትና ለአባት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ የሚያስቀሩትን ፈሪሳውያን በብርቱ ገሥጿቸዋል (ማር. 7፥11-13)። የልጆችህ እንጀራ የአንተ ብቻ አይደለም፤ የእነርሱን ድርሻ አንሥተህ ለመሳል ሥልጣን አልነበረህም። ቃልህን ለመፍታት ሥልጣን ያለው ንስሐ አባትህ እንጂ አንተ ወይም እኔ አይደለንም። ስእለቱን በቃሉ እንደ ተናገርኸው ንገረው፤ በምን ሁኔታ እንደ ነበርህም አትደብቅ። ምናልባት ለተወሰነ ጊዜ ከመድረክ እንድትርቅ፣ ወይም ስእለቱን በምጽዋት እንድትለውጥ ያዝዝህ ይሆናል፤ የሚልህን ተቀበል። የትንሹን ልጅህን ጉዳይ ግን አሁኑኑ ልንገርህ፦ ልጅህን ማጫወት አባትነት ነው። ከሞት የተመለሰ አባቱን እያየ ለምን ዝም እንደሚለው የማይገባው ሕፃን አታስጨንቅ።

አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። የአንተን መትረፍ የሰሙ ሰዎች በየመድረኩ ምስክርነት ስጥ ብለው ሳይጠሩህ አይቀሩም። ንጉሥ ሕዝቅያስን አስብ። ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት (ኢሳ. 38)። የተሰጠውን ዘመን እንዴት ጀመረው? ከባቢሎን መልእክተኞች መጡ፤ ደስ ብሎት ግምጃ ቤቱን ሁሉ ከፍቶ አሳያቸው። ዜና መዋዕል እንደ ተደረገለት ቸርነት መጠን እንዳላደረገ፣ ልቡም እንደ ኮራ ይናገራል (2ኛ ዜና 32፥25)። ሌላም አለ። ልጁ ምናሴ የነገሠው በ12 ዓመቱ ነው (2ኛ ነገ. 21፥1)። ስሌቱን ብታደርገው ይሁዳን ያሳታት ያ ክፉ ንጉሥ የተወለደው በእነዚያ በተጨመሩት ዓመታት ውስጥ ነው። ጤና ስለ ተመለሰ ብቻ ዘመኑ የተባረከ አይሆንም። ስለዚህ ከደረትህ የተነሣውን ተአምር ለተመልካች አዲስ ትርኢት አድርገህ ለማቅረብ አትቸኩል። ለቤተሰብህ ንገር፤ ጌታ ከአጋንንት ያዳነውንም ሰው ወደ ቤትህ ተመለስ ብሎታል (ሉቃ. 8፥39)። ከዓመት በኋላ እንነጋገርበታለን።

ሐኪሙ ያዘዘልህን መድኃኒት አታቋርጥ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚሉህ ካሉ ሲራክ 38ን አንብብላቸው፤ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ተጽፏል። ኢሳይያስ ራሱ ለሕዝቅያስ ፈውሱን ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል። ሕሙማን ዘይት የሚቀቡበት የቅብዓ ቀንዲል ጸሎት እንዲደረግልህም ጠይቅ (ያዕ. 5፥14)። ትምባሆውን ተው፤ ይህን ለመተው ስእለት አያስፈልግህም። ስለ ጾሙ ደግሞ መድኃኒትህን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ የሚገልጸውን የሐኪም ወረቀት ይዘህ ለንስሐ አባትህ አሳየው፤ እርሱ በሚወስንልህ ሰዓት ጹም።