ጥናቱን አትተዪው፤ ከወርቅ ወደ ቢስሙዝ ቀይሪው

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አዳማ ላይ በኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪሽን ትማሪያለሽ፤ የቀረሽ አንድ ዓመት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ መስታወት ላይ ስስ የወርቅ ሽፋን የተቀቡ ኤሌክትሮዶችን፣ ማለትም ፈሳሽ ውስጥ ገብተው የሟሟውን ነገር በኤሌክትሪክ ለመለካት የሚያገለግሉ ዕቃዎችን፣ ልታጠኚ አስበሻል፤ አባትሽ ደግሞ ትምህርቱን አቋርጠሽ የባንክ ሥራ እንድትይዢ ይፈልጋሉ። እንቅልፍ የነሳሽ ግን «ይህ ነገር እዚህ አገር ለምን ይጠቅማል?» የሚለው የዘመድ አዝማድ ጥያቄ መሆኑን ጽፈሽልኛል።

ይህ ጥያቄ ያንገበግበኛል። ሞጆ ከእናንተ ከተማ ቅርብ ናት፤ የቆዳ ፋብሪካዎች አሉባት፣ ወንዙም አለ፣ ከወንዙ በታች አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ውኃው ውስጥ ምን እንዳለ ለክቶ የሚናገር ሰው ለምን ይጠቅማል ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ ለእርሳስ በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ለካድሚየም 3 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ዓይንም ምላስም አይለየውም። በደንብ የተዘጋጀ ኤሌክትሮድ ግን ይለየዋል።

ኤሌክትሮዱ የሚያስተምርሽም ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። ወርቅ መስታወት ላይ በራሱ አይጣበቅም፤ ከሥሩ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር የሚሆን ክሮሚየም ወይም ቲታኒየም ይነጠፍለታል። ሽፋኑ ከሞቀ ክሮሚየሙ በወርቁ ቅንጣቶች መካከል ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣና ልኬቱን ያዛባል። ሽፋኑ እጅግ ሲሳሳ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ክሎራይድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ቮልቴጁን ከፍ ካደረግሽው ደግሞ ወርቁ ሟሙቶ ያልቃል። ለመፈተሻ በሚያገለግለው ጨው በፌሮሳያናይድ ስትፈትሺው፣ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ በግራፉ ላይ በሚታዩት ሁለት የጅረት ከፍታዎች መካከል 59 ሚሊቮልት አካባቢ ልዩነት ትጠብቂያለሽ። 120 ካገኘሽ ገጽታው ቆሽሾ ነው? መቋቋሙ በዝቶ ነው? ወይስ ግንኙነቱ ላልቶ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በተራ እየጠየቀ ምክንያቱን ለይቶ የሚያወጣ ባለሙያ ለውኃ ላቦራቶሪም፣ ብረት በሌላ ብረት ለሚለብጥ ፋብሪካም፣ ዝገት ለሚቆጣጠር ክፍልም ያስፈልጋል። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በፋብሪካ የጥራት መቆጣጠሪያ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። እዚያ የምንፈልገው የመሣሪያውን ቁጥር ዝም ብሎ መዝገብ ላይ የሚገለብጥ ሰው አልነበረም፤ ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው ነበር።

ስለዚህ ጥናቱን አትተዪው። ነገር ግን የወርቅ ሽፋን በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ በወጣለት ክፍል ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ ይጠይቃል፤ እሱን ስትጠብቂ የቀረሽ ዓመት ያልቃል። ኬሚስቱ ጆሴፍ ዋንግና ባልደረቦቹ በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢስሙዝ በተባለ ብረት የተሸፈነ ኤሌክትሮድን አስተዋውቀዋል። ቢስሙዙ ከፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ካርበን ላይ ይለበጣል፤ በደቂቃዎች ይጠናቀቃል፤ ቫኪዩም አያስፈልገውም። እርሳስንና ካድሚየምን ለመለካት መርዛማውን ሜርኩሪ ይተካል። ቢስሙዝ ራሱ ቶሎ ስለሚሟሟ ለመዳብ አይመችም፣ ሜርኩሪንም አይለካልሽም፤ ይህን ገደብ በጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ አስቀምጪው። ወርቁ ላይ ልትማሪው የነበረውን የገጽታ ጠባይ እዚህም ትማሪዋለሽ፤ በተጨማሪም ከሞጆና ከአዋሽ ወንዝ የቀዳሽው ውኃ ውጤት በእጅሽ ይሆናል። ለቀጣሪ የምታሳዪው እሱን ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ክፉ አላሰቡም። ግን ገና ያላገኘሽውን ደመወዝ ለታናናሾችሽ የትምህርት ቤት ክፍያ መድበውታል፤ ይህን የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። ቤተሰብን መርዳት ግዴታሽ ነው ብትዪ እስማማለሁ። አንድ ዓመት የቀረውን ትምህርት አስጥሎ ዛሬውኑ እርጂን ማለት ግን ልክ አይደለም፤ አባት ስላሉትም ልክ አይሆንም። ባንክ ከዓመት በኋላም ይቀጥራል፤ ከላቦራቶሪ ለዓመታት የራቀ እጅ ግን ልምዱን ያጣል። ፊት ለፊት መከራከሩ ከከበደሽ የሚሰሙትን አጎትሽን ይዘሽ ግቢ፤ የምትመረቂበትን ወር በቀን ቆርጠሽ ንገሪያቸው፤ እስከዚያ ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ እያስጠናሽ ከምታገኚው ላይ በየወሩ ትንሽም ቢሆን አስረክቢ። ቃልሽን የሚያምኑት ያንን ሲያዩ ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው፣ በየሳምንቱ የአንድ የምርምር ጽሑፍ የአሠራር ክፍል በእጅሽ ገልብጪ፤ ቋንቋው ይገባሻል። የውጭ አገር ስኮላርሺፕ የራስሽ ውጤት ሲኖርሽ ይታሰብበታል። በሃያ ስድስት ዓመትም አልረፈደብሽም።

በዚህ ሳምንት አማካሪሽን ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፤ ፖቴንሺዮስታቱ፣ ማለትም የኤሌክትሮዱን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረውና ጅረቱን የሚለካው መሣሪያ፣ ይሠራል ወይ? ቢስሙዙ የሚለበጥበት ግላሲ ካርበን ኤሌክትሮድ አለ ወይ? የቢስሙዙ ምንጭ የሆነው ጨው፣ ቢስሙዝ ናይትሬት፣ ከኬሚካል ክፍሉ ይገኛል ወይ? ሦስቱም ካሉ የርዕስ ለውጡን በዚሁ ወር አስጸድቂ። የጎደለ ካለ የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ከሌላ ላቦራቶሪ በውሰት የሚገኝበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን።