ሥዕሉን ስትለጥፉ ከግርጌው ያለውን ሰው አትቁረጡት

ይድረስ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በየገጠሩ ሆናችሁ የጎጃምን ቅርስ በስልካችሁ እያነሣችሁ ለምታጋሩ ልጆቼ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቅርስ ምዝገባ ሥራ ነው። የቴሌግራም ቻናሎቻችሁንና የፌስቡክ ገጾቻችሁን ማታ ማታ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። እኛ በካርድ መዝግበን ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፍነውን እናንተ አደባባይ አወጣችሁት። የጣናን ዳር ልሳነ ምድር ዘጌን ረግጦ የማያውቅ ሰው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ፣ የመርጡለ ማርያምን ጥርብ ድንጋይ ቤቱ ሆኖ ያያል። ይህን ሥራ ከሙዚየም ሥራ አሳንሼ አላየውም፤ የምመክራችሁም ለዚሁ ነው።

የሚያሳስበኝ ከሥዕሉ ጋር የሚጻፈው ነው። «ጥንታዊ ሥዕል፣ ጎጃም» ተብሎ ይለጠፋል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይወደዋል፤ የየትኛው ደብር እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ሌላው ወስዶ «ጎንደር» ይለዋል፣ ሦስተኛው የማያውቀውን ዘመን ይጨምርበታል። አንዴ እንዲህ ከተበተነ በኋላ መልሶ ማቃናት እጅግ ከባድ ነው።

የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት አስቡ። ክብ ናቸው፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብለው ይከፈላሉ። ሥዕሎቹ ያሉት መቅደሱን በከበበው ግድግዳ ላይ ነው፤ የትኛው ሥዕል የት እንደሚውልም ሥርዓት አለው። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት፣ እነ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በልማድ በሰሜን በኩል ይሳላሉ። እንግዲህ ሥዕሉን ለብቻው አንሥታችሁ በየትኛው በኩል እንዳለ ካልጻፋችሁ፣ ተመልካቹ ግማሹን ነገር አጣ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ የሚማፀን ሰው ይታያል። እሱ ሥዕሉን ያሠራው ነው፤ ስሙም አጠገቡ ይጻፋል። ለስልክ እንዲመች ተብሎ ሥዕሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ የሥዕሉን ዘመን ለማወቅ የሚረዳን ግን አንዱ ይኸው ሰው ነው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ግድግዳውን ሙሉውን አንሡ፤ ከዚያ ቀርባችሁ ጽሑፉን፤ ማማሩ በኋላ ይደርሳል።

ቅኔም እንዲሁ ነው። ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ልጆች ስለሆናችሁ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። አንድ መሪጌታ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ሲዘርፍ በቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ስለሆነ በሰከንዶች ያልቃል። ግን በየትኛው በዓል ተባለ? ማን ፊት? የባለ ቅኔውስ መምህር ማን ነው? ወርቁ፣ ማለትም የቅኔው ውስጠ ምሥጢር፣ ብዙ ጊዜ የተሰወረው በዕለቱ ነገር ውስጥ ስለሆነ፣ ዕለቱን የማያውቅ ሰሚ ሰሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። ሦስት መስመር ጽፋችሁ ብታያይዙለት ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሰማው ተማሪ ያመሰግናችኋል።

የደብሩን ንብረት የሚጠብቀውን ቄሰ ገበዝ ስትጠይቁ ቀስ ብላችሁ፣ ፈቃድ ይዛችሁ ይሁን። ሁለት አባቶች ሁለት የተለያየ ታሪክ ቢነግሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁም ጨምሩ። የሚያምረውን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ።

ሁሉም ነገር ደግሞ ለአደባባይ አይደለም። ዙሪያውን የሚያሳይ ምስል ሠርታችሁ ሰውን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብታዞሩት መልካም ነው፤ መቅደሱ ደጃፍ ላይ ግን ጉብኝቱ ያበቃል። ዕቃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ የብር መስቀሉ በምን ሣጥን እንደሚቀመጥ አታሳዩ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ በ2001 እስኪመለስ አገር ምን ያህል እንደተጨነቀ ወላጆቻችሁ ያስታውሳሉ።

ስለ ፋይሉም አንድ ነገር ልበል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ቀንም አብሮት አይሄድም፤ እንደ ፋይል ላኩት። ዋናውን ግን ከስልካችሁ ውጭ አስቀምጡ። የኢትዮጵያ ጥናት ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣና ደሴቶችን ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ። በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ግልባጩ በአሜሪካ ሚኔሶታ ስለተቀመጠ ዛሬ ብዙውን በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። በአንጻሩ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2023 የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት፣ በድረ ገጹ ይታዩ የነበሩ ብራናዎች፣ ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ፣ ለረጅም ጊዜ ከእይታ ጠፉ። ትልቅ ተቋም ይህ ከደረሰበት የአንድ ወጣት አካውንት ምን ዋስትና አለው?

ስለዚህ ያነሣችሁትን ሁሉ ከነጽሑፉ በፍላሽ ገልብጣችሁ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለደብሩ ስጡ። ደብሩ ኮምፒውተር ከሌለው በወረቀት አትማችሁ፣ ከጀርባው ቀኑንና የነገራችሁን አባት ስም ጽፋችሁ ለቄሰ ገበዙ አስረክቡ።