መድፈኛ የነበሩት አባትህ ለምን ዝም አሉ?

ወንድሜ፣ አባትህ በጦርነቱ መድፈኛ እንደነበሩ ጽፈሃል። ከተመለሱ ወዲህ ግን ጨዋታ ውስጥ አይገቡም፤ በር ሲላተም ይደነግጣሉ። «ተቀይመውን ይሆን?» ላልከው፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጆሯቸውን ነው።

ከ140 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ያለፈ ድምፅ በአንድ ጊዜ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። መድፍ አጠገቡ ለቆመ ሰው ከዚያ በጣም ይበልጣል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ «ስ»፣ «ፍ» እና «ሽ» ይምታታሉ። ሰው መናገሩ ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ሁሉም በአንዴ በሚያወራበት ቤት ይሄ አድካሚ ነው፤ ዝም ማለት ይቀላል። እባክህ አትጩህባቸው፤ ጩኸት ቃሉን ያዛባዋል። ፊት ለፊት ሆነህ ረጋ ብለህ አውራቸው። ምርመራም ውሰዳቸው፤ የመስሚያ መሣሪያ ብዙ ሰው ረድቷል።

ድንጋጤው ለብቻው መታየት አለበት። እንቅልፍ የሚነሳቸው ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ሕክምና አለው።

ስለ ጦርነቱ ስትጠይቅ «ስንት ሰው ሞተ?» አትበል። መድፈኛ ብዙ ጊዜ ዒላማውን በዓይኑ አያይም፤ ጥይቱ የሚወድቀው ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። ምን እንደመታ ሳያውቁ መኖር ራሱ ከባድ ነው። ስለ ሥራው ጠይቃቸው፦ ማን ያነጣጥር ነበር? ማን ያጎርስ ነበር? 155 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመድፍ ጥይት እኮ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያለ ጓድ አይሠራም። በሕይወት ያለ የድሮ ጓዳቸው ካለ ፈልጋችሁ አገናኟቸው።