የመድረክ ቴክኒክ ማስተርስ የት ልማር ላልሽው፦ መጀመሪያ ዎርክሾፑን ጠይቂ

እህታችን ከደብረ ብርሃን፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ በቴአትር ጥበባት የመጀመሪያ ዲግሪ አለሽ፤ ከትወናው ይልቅ ዲኮርና መብራቱ ስቦሻል፤ የአሜሪካ ኤምኤፍኤ (MFA፣ የኪነ ጥበብ ማስተርስ) ይሻላል ወይስ የእንግሊዝ የአንድ ዓመት ኤምኤ? አገሩን ለጊዜው ተይውና ሥራውን ለዪ።

«የመድረክ ቴክኒክ» በአንድ ከረጢት የታሰረ አራት አምስት ሙያ ነው። ዲዛይነሩ ተመልካች ምን እንደሚያይ ይወስናል። ቴክኒካል ዳይሬክተሩ ያ ንድፍ በስንት ብር፣ በስንት ቀንና በምን ቁስ እንደሚቆም፣ ማንም ላይ እንዳይወድቅም ይወስናል። መብራት፣ ድምፅ፣ የላይ ስቅላት (ዕቃ ከመድረኩ በላይ ማንጠልጠል)፣ የመድረክ አስተዳደር ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰው አላቸው። ለሴኖግራፊ (የመድረክ ገጽታ ንድፍ) ፕሮግራም የብየዳ ፎቶ፣ ለቴክኒካል ዳይሬክሽን ደግሞ የቀለም ንድፍ ብቻ ይዞ የሚቀርብ አመልካች በመጀመሪያው ወንፊት ይቀራል።

ንድፍ ከሆነ ምኞትሽ የእንግሊዙ አንድ ዓመት ያዋጣል። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሺ 2 ዓመት አገርሽ መቆየት አለብሽ። ማመልከቻው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ገደማ ነው። ግንባታና ማሽነሪ ከሆነ ግን እኔ 3 ዓመቱን ኤምኤፍኤ እመርጣለሁ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተበላሸን ነገር አርሞ መድገሚያ ጊዜ የለም። ኤምኤፍኤ በአሜሪካ የዘርፉ የመጨረሻ ዲግሪ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማርም ያገለግላል፤ የእዚያው አገር ኤምኤ ግን አጭር ነው፣ ያንን ክብደት አይዝም። በርሊን ውስጥ በቴአትርና ዝግጅት ቴክኒክ ምህንድስናዊ ማስተርስ አለ፤ ጀርመንኛ ከሌለሽ እለፊው።

በቴክኒኩ ከሚታወቁት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዬል፣ ካርኔጊ ሜለንና የኖርዝ ካሮላይና የኪነ ጥበባት ትምህርት ቤት ይገኙበታል። የዬል ድራማ ትምህርት ቤት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ተማሪ የትምህርት ክፍያ ሰርዟል። ክፍያ ቀረ ማለት ግን የቤት ኪራይና ቀለብ ቀረ ማለት አይደለም። ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ አሲስታንትሺፕ ይሰጣሉ፦ በዎርክሾፕ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ትሠሪያለሽ፣ ክፍያው ይነሳልሻል፣ ድጎማም ታገኛለሽ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ድጎማው ብዙ ጊዜ የ9 ወር ነው፤ ክረምቱ ባዶ ነው። የጤና መድንና ልዩ ልዩ ክፍያዎች ከ«ነፃ»ው ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ድጎማው ትምህርት ቤቱ ከገመተው የዓመት ወጪ ካነሰ ልዩነቱን በባንክ ወረቀት ማሳየት ግድ ነው፤ አለዚያ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ቅጽ) አይወጣልሽም፣ ቪዛውም አይታሰብም። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ግቢ ውስጥ መሥራት ስለማይፈቅድ «ተጨማሪ እሠራለሁ» የሚለውን ሒሳብ ሰርዢው።

ኢንተርቪው ላይ አንቺም ጠይቂያቸው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት ስንት ፕሮዳክሽን በራሱ ኃላፊነት ይመራል? በጀቱን ማን ይፈርማል? ተማሪው ሦስቱንም ዓመት የሌላውን ንድፍ እየቆረጠ ከዋለ ትምህርት ቤቱ ርካሽ አናጢ አገኘ እንጂ አንቺ ዲግሪ ብቻ ነው ያገኘሽው። የስቅላት ሥርዓታቸው በክብደት ሚዛን ነው ወይስ በሞተር? አውቶሜሽን ተማሪ ይነካዋል? የጭነት ስሌት ራሱን የቻለ ኮርስ ነው? ቴክኒኩን የሚያስተምረው አንድ መምህር ብቻ ከሆነ ጡረታው መቼ እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ ጠይቂ፤ እሱ ሲሄድ ፕሮግራሙም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ኢሜል ለምኝ፤ ከብሮሹሩ ይልቅ እሱ ይነግርሻል።

ወደ ፖርትፎሊዮው። «እኛ ጋ ምን አለና» የሚለውን ተይው። ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ አቡጀዲና ቱቦላሬ ይበቃሉ፤ የሚመዘነው ማሰብሽ ነው። ምሳሌ፦ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ 5 ሜትር ወርድ፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው የዲኮር ግድግዳ አቆምሽ እንበል፤ 15 ካሬ ሜትር ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ስስ አየር ቆጥረን፣ ወደ 80 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይገፋዋል። ግፊቱ መሐሉ ላይ፣ 1.5 ሜትር ቁመት ላይ ነው፤ የድጋፉ እግር 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ካረፈ 80 በ1.5 ተባዝቶ ለ1.2 ሲካፈል 100 ኪሎ ማስጫኛ ይፈልጋል። አንድ ተኩል እጥፍ ጠብቂ፦ 25 ኪሎ የሚይዙ ስድስት የአሸዋ ጆንያዎች። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ «ትናንት ቆሞ ነበር» የሚባለው ዲኮር ዛሬ የሚወድቀው በዚህ ነው። ይህን በአንድ ገጽ ከንድፉ ጋር አስቀምጪው።

መብራትም እንደዚሁ፦ 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው፤ ለረጅም ሰዓት ሲበራ 80 በመቶው፣ 2,816 ዋት ይታሰባል። ስለዚህ ባለ 1,000 ዋት ሃሎጅን ሁለት እንጂ ሦስት አይጫንበትም። አሜሪካ ግን 120 ቮልት፣ ጫማና ኢንች ይጠብቅሻል፤ የተለመደው የንድፍ ልኬት፣ ግማሽ ኢንች ለአንድ ጫማ፣ 1፡24 ስለሆነ የኛን 1፡25 ለሚያውቅ ብዙ አይከብድም።

ፎቶ ስታነሺ የዲኮሩን ጀርባ አንሺ፤ ድጋፉና መጋጠሚያው ያለው እዚያ ነው። የመቁረጫ ዝርዝር፣ የሰው-ሰዓትና በጀት ጨምሪ። በጀቱን በብር ተይው፤ ወደ ዶላር ስትቀይሪው ሥራው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የአዳራሽ ገደል ማሚቶ ለመቀነስ የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ መስቀልም ሥራ ነው፣ አታፍሪበት፤ ከመብራቶቹ ያራቅሽበትን ርቀት ግን አብረሽ ጻፊ።

የአሜሪካ ማመልከቻዎች በብዛት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ይዘጋሉ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ሳይጠናቀቅ ስለማይለቀቅ ሬጅስትራር ጋ በመስከረም ሂጂ። የጆንያውን ስሌት በራስሽ ዲኮር ሞክሪውና እዚህ ለጥፊው፤ እናየዋለን።